«እምቢ» በእንግሊዝኛ

«ተኳሿ እኮ ሽምጥጥ አድርጋ ካደቻት አሉ» የሚለው ወሬ ጆሮዋ ሲገባ ተኳሿ አንድ እግሯን ከጫማዋ አውጥታ ሌላውን ለማውጣት ጎንበስ እንዳለች ነበር። የፋብሪካው ልብስ መቀየሪያ ክፍል በብረት ቁም ሳጥኖች ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ ከወዲያ በኩል የቆሙት ልጆች ከወዲህ ማን እንዳለ አያዩም፤ በዚህም የተነሳ ጠዋት ጠዋት እዚያ ክፍል ውስጥ ሳይታማ የሚያልፍ ሰው የለም። ተኳሿም ብትሆን ስሟ ሲነሳ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ነገረኛ ናት ሲሏት ሰምታ ስቃለች፤ ባል ያጣችው በምላሷ ነው ሲሏት ሰምታ ትንሽ ከፍቷት አልፋዋለች። ካደች ስትባል ግን ሰምታ አታውቅም። ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

«ዓይኗን በጨው ታጥባ ነው አሉ» አለች አንደኛዋ። «‹ማንም የነገረኝ ነገር የለም› ብላ ለሥራ አስኪያጁ። ይኸው አለቃችን ቀስ በሉ ዛሬ ልትባረር ነው።»

«ተኳሿ? እኔ አላምንም።»

«አትመኚ። የቢሮ ጽዳቷ በጆሮዋ የሰማችውን ነው የነገረችኝ። እኛ ለእኛ ብላ መስሎን ስንመርቃት፣ ለካ ራሷን ነው ያዳነችው።»

ተኳሿ የሚለው ቅጽል ስም ጠመንጃ ይዛ የወጣላት አይደለም። ሸሚዝ እየሰፋ ወደ ውጭ በሚልክ ፋብሪካ ውስጥ የመተኮሻ ክፍሉ ኃላፊ ስለሆነች ነው። ነባሮቹ ሠራተኞች አዲስ ገቢዎችን «ውስጥ አንዲት ተኳሽ አለች፤ ካረፈዳችሁ አትምራችሁም» እያሉ ያስፈራሯቸዋል፤ ልጆቹም ልባቸው እየመታ ገብተው አንዲት አጭር ወፍራም ሴትዮ የእንፋሎት ካውያ ይዛ ከአንገትጌ ጋር ስትታገል ሲያዩ ሳቃቸው ያመልጣቸዋል። ቀስ በሉ ደግሞ የፈረቃው ሁሉ አለቃ ናት። ልጆቹ ሲሮጡ ቀስ በሉ፣ ሲጨቃጨቁ ቀስ በሉ፣ ሲያለቅሱም ቀስ በሉ ስለምትል እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሁለቱ ሴቶች ቤት ለቤት የሚጠያየቁ ወዳጆች አይደሉም፤ ነገር ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ስንት ዘመን ሲሠሩ ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

ነገሩ የጀመረው ሸሚዝ ጠፋ ከተባለ በኋላ ነው። ስንት ሸሚዝ፣ መቼ፣ ከየትኛው መደርደሪያ ለሚለው መልስ ያለው ሰው የለም፤ መጋዘን ጠባቂው ራሱ «ቆጠራው ተሳስቶ ይሆናል» ብሎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ጠፍቷል ካለ ጠፍቷል ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ባቡር የሚያመልጠው ይመስል የሚቸኩል ሰው ነው፤ የሠራተኛውን ቋንቋ ስለማያውቅ እሱ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ አስተርጓሚው ይመልስለታል። ይኸው ሰው መፍትሔ ያለውን አመጣ፦ ሴቶቹ ከሥራ ሲወጡ ከመጋረጃ ጀርባ ልብሳቸውን እያወለቁ ይፈተሹ፤ መውጫው በመተኮሻው ክፍል በኩል ስለሆነ ፈታሿ ተኳሿ ትሁን። ቀስ በሉ ትእዛዙን መሬት መሬት እያየች አመጣችላት። ተኳሿም ካውያዋን ሳታስቀምጥ «እኔ የሰው ልጅ አላራቁትም። እምቢ ብላለች በያቸው» አለችና ቁርጡን ነገረቻት። ልጆቹም ያን ዕለት እንደ ወትሯቸው ሳይፈተሹ ወጡ፤ ይህ ነው ምርቃቱን ያመጣው።

በማግስቱ፣ ማለትም ትናንት፣ ቢሮ ተጠራች። ሥራ አስኪያጁ ከጠረጴዛው ኋላ፣ አስተርጓሚው ከአጠገቡ ነበሩ። አስተርጓሚው የታናሽ እህቷ ባል ነው፤ ፋብሪካውም ያስገባት እሱ ነው፤ የሚኖሩትም አንድ ቤት ነው። ሥራ አስኪያጁ የሆነ ነገር ጠየቀ፣ አስተርጓሚው «የፍተሻውን ትእዛዝ ምን አደረግሽው ይላል» አላት፤ እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ «እምቢ ብያለሁ በለው» አለች። አስተርጓሚው ጫማውን ካየ በኋላ በእንግሊዝኛ አንድ አጭር ነገር ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ «ኦኬ» አለ፤ አመሰገናት፤ በቃ። ደረጃውን ስትወርድ እምቢ ማለት ለካ እንዲህ ቀላል ነው ብላ ገርሟት ነበር። ማታ ለእህቷ እያሳየች፣ እየተወነች አወራችላት። የእህቷ ባል ቀና ሳይል ሲበላ ድካም ነው ብላ አለፈችው።

አሁን ያወለቀችውን ጫማ መልሳ አደረገችና በቁም ሳጥኖቹ ዞራ ወጣች። ልጆቹ ሲያዩዋት ቀጥ አሉ፤ አንደኛዋ ጋውኗን በግልባጩ መልበስ ጀመረች። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ጉዳቸው ይፈላ ነበር። ተኳሿ ግን «ቀስ በሉ ገብታለች?» ብላ ብቻ ጠየቀች፤ ከልጆቹ አንዷ በአገጯ ወደ ስፌት አዳራሹ አመለከተቻት።

ቀስ በሉ በአዳራሹ ጥግ በመስታወት የተከለለች፣ ከአንድ ጠረጴዛና ከአንድ ወንበር በላይ የማትይዝ ክፍል አለቻት። መሳቢያዋን ስባ ዕቃዋን ወደ ፌስታል ትከት ነበር፦ ማበጠሪያ፣ የቤት ጫማ፣ የእጅ ቅባት፣ ጫፉ የተሸረፈ የሻይ ብርጭቆ። ብርጭቆውን በጋዜጣ ስትጠቀልል እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ያ ነው ተኳሿን ይበልጥ ያስፈራት።

«አልካድኩሽም» አለቻት ከበሩ ላይ።

«እሺ።»

«እሺ አትበይኝ፤ ስደቢኝ። እምቢ ብያለሁ ነው ያልኩት። ነገሩ እንዲህ መሆኑን አሁን ነው የሰማሁት።»

ቀስ በሉ ፌስታሉን ቋጠረች። «ትናንት አመሻሽ ላይ ጠሩኝ። ‹እሷ ትእዛዝ የሚባል ነገር አልደረሰኝም ብላለች፤ ስለዚህ ያላደረስሽው አንቺ ነሽ፤ አድርሻለሁ ብለሽም ዋሽተሻል› አሉኝ። የነገረኝ አስተርጓሚው ነው። የገዛ ሰውሽ። የገዛ ሰውሽ ቃልሽን ይለውጣል ብዬ ላስብ?» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ከፍ ማድረግ አታውቅበትም። «ብትክጂኝ እኮ ይሻለኝ ነበር። ሰው ሲጨንቀው ይክዳል። አንቺ ግን ከዳሽኝ።»

ካደ እና ከዳ ሲጻፉ ፊደላቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ያቺ አፍ የምታስከፍት ድምፅ ከፊተኛው ፊደል ወደ ኋለኛው መዝለሏ ብቻ ነው። ሲሰማ ግን የመጀመሪያው ፊትን ነው የሚመታው፣ ሁለተኛው አንጀትን።  ከሰዓት በኋላ እንደምትፈርም፣ ፈርማ እንደምትሄድ ቀስ በሉ ነገረቻትና የቀኑን ሥራ ለመደልደል ወጣች። ልትባረር ጥቂት ሰዓት የቀራት ሴት ክር ያላለቀበት ማሽን እንዳይኖር ስትዞር ማየት ያማል።

ተኳሿ እስከ ምሳ ድረስ ተኮሰች። ሰው አላናገረችም፤ ያናገራትም የለም። አራት ማዕዘን ጠረጴዛዋ ዙሪያ የሚሠሩት ልጆች ወትሮ ለሹክሹክታ እንኳ ፋታ የማይሰጡ ናቸው፤ ዛሬ የሚሰማው የእንፋሎቱ ትፍታ ብቻ ነበር። አንዷ ሸሚዝ ስታቀብላት እጇን ቶሎ ሰበሰበች። ተኳሿ ያን አየች። ከሥራዋ ብትባረር ትችለዋለች፣ ሌላ ቦታ ካውያ አይጠፋም፤ በዚህ ስም ግን አንድ ቀን እንኳ ልትውል አልቻለችም።

ምሳ ቤቱ ውስጥ አስተርጓሚው ከቢሮ ሰዎች ጋር ጥግ ይዞ ሻይ እየጠጣ ነበር። ትከሻውን ነካ አድርጋ ወደ ውጭ፣ ወደ እጅ መታጠቢያው ቧንቧ ወሰደችው፤ ብርጭቆውን እንደያዘ ተከተላት። የለበሰውን ነጭ ሸሚዝ ጠዋት የተኮሰችለት እሷ ናት፤ እጥፋቱ ገና አልተበላሸም።

«ትናንት ምን ብለህ ነው የተረጎምክልኝ?»

«እንዳልሽው ነዋ፣ እታለም።»

«እንዳልኩት ምን? ቃሉን ንገረኝ።»

ሻዩን ፉት አለ። «‹ዲናይድ› ነው ያልኩት።»

«እሱ እምቢ ማለት ነው?»

እዚህ ላይ የሰውየውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነው፤ ቢሰድቡት አይመልስም፤ ምግብ ቢቀር አይጠይቅም። ስለ ቃል ትርጉም ከጠየቁት ግን ራሱን መግታት አይችልም። መዋሸት ቢፈልግ ኖሮ እዚያው «አዎ» ብሎ ይገላገል ነበር። እሱ ግን ብርጭቆውን ከቧንቧው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ጣቶቹን መቁጠር ጀመረ። «እምቢ እኮ በእነሱ ቋንቋ አንድ ቃል አይደለም፣ እታለም። እንደ ነገሩ ነው። አሁን ይህን ሻይ ጠጪ ብዬሽ ‹ይቅርብኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ› ብትይ እሱ ዲክላይን ይባላል፤ እንግዳ የሚለው ዓይነት እምቢታ ነው። ሪጀክትን ታውቂዋለሽ፤ አንገትጌው የተጣመመ ሸሚዝ የሚጣልበት ቀይ ቅርጫት ላይ ተጽፏል፤ አይቶ ጉድለት አግኝቶ መመለስ ነው። አድርጊ ሲሉሽ አላደርግም ካልሽ ሪፊዩዝ ነው። ዲናይ ደግሞ አላልኩም፣ አላደረግኩም፣ አልደረሰኝም ሲባል ነው።»

«መካድ።»

«መካድም ይሆናል» አለ፤ አሁን ግን ድምፁ ቀነሰ። «ግን በሌላ በኩልም ይሄዳል። ፈቃድ ጠይቀሽ ቢከለክሉሽ፣ ጥያቄሽን ዲናይ አደረጉት ይባላል። ስለዚህ አልዋሸሁም። እሱ በፈለገው በኩል ይረዳው ብዬ ነው።»

«እሱ በየትኛው በኩል ተረዳው?»

አስተርጓሚው ብርጭቆውን አነሳ። ሻዩ አልቋል።

«ሁለት በር ያለው ቃል መርጠህ» አለችው፣ «እኔን በአንደኛው አስገብተህ ያችን ምስኪን በሌላኛው አስወጣሃት። ሴትዮዋ እኮ ዛሬ ፌስታል ቋጠረች! ልጆቹ ከሃዲ ብለውኛል፤ እንደ እሳት ሲሸሹኝ ዋሉ።»

ያኔ ነው የሆዱን የነገራት። እህቷ እርጉዝ ናት፣ ሆዷ ገፍቷል፣ ሥራ አቁማለች። አከራይዋ ከመጪው ወር ጀምሮ ኪራይ ትጨምራላችሁ ብላለች፤ ካልሆነ ክፍሉን ለሌላ። ያለ ተኳሿ ደመወዝ ያን ቤት መያዝ አይቻልም። «እምቢ አለች ብዬ ብተረጉም እዚያው ያባርርሽ ነበር። ለእኛ ብዬ ነው፣ እታለም። ልጁ ሊወለድ ሲል ሜዳ ላይ ልንወድቅ?» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ተኳሿ ልትሰድበው ያዘጋጀችውን ሁሉ ዋጠችው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለላት! የታመመች ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ እያሞቀ ያስታመማት ይኸው ሰው ነው። ትወደዋለች፤ የሚያናድዳትም ይኸው ነው፣ በምትወደው ሰው እጅ መዋረዷ።

«እና እምቢው የትኛው ነው ያልከኝ?» አለችው ስትሄድ።

«ሪፊዩዝ» አለ፤ ካለ በኋላ ነው ምን እንዳደረገ የገባው። «እታለም! ተይው! አደራ!»

ከምሳ በኋላ ካውያዋን አንስታ ቃሏን ማጥናት ጀመረች። ሪፊዩዝ። ምላሷ ላይ አይቀመጥም። እጅጌ ስትተኩስ ትይዘዋለች፣ ወደ አንገትጌው ስትደርስ ያመልጣታል። በመጨረሻ የምታውቀው ነገር ላይ ልታስረው አሰበች፤ ካውያዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲሰኩ በየቀኑ የሚቃጠለው ፊውዝ አለ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው እየተሳደበ የሚቀይረው። ፊውዝ ብላ ካሰበች አይጠፋትም። ክፋቱ፣ ያሰረችበት ነገር የታሰረውን ዋጠው፤ ቢሮ ለመውጣት ካውያዋን ስታጠፋ አፏ ላይ የቀረው ፊውዝ ብቻ ነበር።

ሳትጠራ ነው የወጣችው። ጸሐፊዋ ከጠረጴዛዋ ብድግ ብላ «ቀጠሮ አለሽ?» አለቻት። «ያለኝ እምቢ ብቻ ነው» ብላ በሩን ከፈተች። ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ያያል፤ ቀስ በሉ ከፊቱ ተቀምጣ በእጇ እስክሪብቶ፣ ከፊቷ ወረቀት። አስተርጓሚው የለም፤ ስልክ ለማናገር ወጥቷል። ተኳሿ ከነጋውኗ መሐል ወለሉ ላይ ቆማ ደረቷን በመዳፏ መታች።

«ሚስተር! አይ፣ ፊውዝ!»

ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎ መብራቱን አየ። መብራቱ ይበራል። «ፊውዝ?»

«የስ! ፊውዝ! ትናንት ፊውዝ! ዛሬ ፊውዝ!» ወደ ቀስ በሉ ጠቆመች፤ እጇን አወራጨች። «እሷ፣ ኖ! እኔ፣ ፊውዝ!»

ሰውየው ነገሩ የገባው መሰለውና ስልኩን አንስቶ ተናገረ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም መፍቻ በጆሮው ላይ ሰክቶ እየሮጠ መጣ። «የቱ ጋ ነው የተቃጠለው?» አለ ኮርኒሱን እያየ።

«እኔ ነኝ የተቃጠልኩት!» አለችው ተኳሿ።

ቀስ በሉ አፏን በእጇ ከደነች። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ በሚል መሃል ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። በዚህ መሃል አስተርጓሚው ጫጫታውን ሰምቶ ገባ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸው፤ ተኳሿ ላይ ሲደርስ ፊቱ አመድ መሰለ። ሥራ አስኪያጁ በቁጣ የሆነ ነገር ጠየቀው።

«ምን ፈልገሽ ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው፤ ቀጠል አድርጎም በለሆሳስ፣ «እታለም፣ በሞቴ።»

«አሁን አስተርጉምልኝ» አለችው። «ባጭር ባጭሩ ነው የምናገረው፣ የምታምታታበት ቦታ እንዳታገኝ። ትእዛዙ ደርሶኛል፣ በል።»

ተረጎመው። ሥራ አስኪያጁ ወደ ፊት ጠጋ አለ።

«የነገረችኝ እሷ ናት፣ በደንብ ነው የነገረችኝ፣ በል።»

ይህንንም ተረጎመው።

«እምቢ ብያለሁ፣ በል።»

 የአስተርጓሚው ዓይን ወደ ጫማው ወረደ። «ሺ ዲ...» ሲል ተኳሿ ጠረጴዛውን በጥፊ አለችው።

«ዲናይ አይደለም!»

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ዘለለ፤ እስክሪብቶው ተንከባለለ።  አስተርጓሚው ቀና አለ፤ ፊቷን አየ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ እንደ ግንብ መቆሟን አየ፣ የሚያመልጥበት ቃል እንዳልቀረው ገባው። «ሺ ሪፊዩዝድ» አለ፤ በጭንቅ ተሰማ። ለካ የጎደላት ‹ሪ› ነበር። ተኳሿ ጭኗን በእጇ መታ አደረገችና፣ «እሱን ነው እኔስ ስል የነበረው! ሪፊዩዝ! አይ ሪፊዩዝ!» አለች ድምፅዋን ሳትቆጥብ።

 ሥራ አስኪያጁ በቀስታ ጠየቀ። «ዛሬስ? ዛሬ ትፈትሻለሽ ወይ ይላል» አለ አስተርጓሚው። «ዛሬም፣ ነገም። ወይ ፍንክች በለው!» ‹ወይ ፍንክች›ን የሚተካ እንግሊዝኛ አልመጣለትም፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ያለ አስተርጓሚ ተረዳ። ወረቀት የማያባክን ሰው ስለሆነ ከቀስ በሉ ፊት ያለውን ሳበና የእሷን ስም ሰርዞ በላዩ የተኳሿን አስጻፈ። ቀስ በሉን ደግሞ ዛሬ የምትፈትሺው አንቺ ነሽ አላት። ቀስ በሉ ፌስታሏን ከመሬት አነሳችና «እሺ» አለች። ተኳሿ ልቧ ስንጥቅ ሲል ተሰማት። ግን እምቢታውን ለራሷ ነው ያመጣችው፣ ለሰው ልታበድረው አትችልም። ፈረመችና ወጣች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ወርዶ ነበር። ጋውኗን ስትሰቅል ያቺ ጠዋት አትመኚ ያለችው ልጅ መጥታ ከኋላዋ ቆመች፤ የምትለው ጠፍቷት የኮቷን አንገትጌ አስተካከለችላት። ተኳሿ ከበሩ ወጥታ ማዶ ካለው ሱቅ ግድግዳ ተደገፈች። ወዲያው ወደ ቤት መሄድ አልቻለችም፤ የሚሆነውን ማየት ነበረባት። ደወሉ ተደወለና ልጆቹ መውጣት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ግራ በገባው ፊት ወጡ፤ የሚቀጥሉት እየሳቁ። አንዷ ስታያት መንገዱን በሩጫ አቋርጣ መጣች።

«እጇን እንኳ አላነሳችም! መጋረጃው ጀርባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች። ‹ቀስ በሉ፣ እለፉ› ብቻ ነው የምትለው። ሥራ አስኪያጁ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሞ ሰዓቱን ያያል!»

ተኳሿ ከምር ሳቀች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ፣ ከዚያ እንደገና ሳቀች። ይኼኛው እምቢታ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አስተርጓሚው አልነገራትም።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት፤ የፊተኛዋ ማብሰያም መቀመጫም ናት፣ ማታ ደግሞ የተኳሿ መኝታ። እህቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጎረቤት የሰጠቻትን አሮጌ የሕፃን ልብስ ታጥፍ ነበር። ተኳሿ ሁሉንም ነገረቻት፤ ትናንት እንዳደረገችው ሳትተውን። እህቷ ማጠፏን ሳታቋርጥ ሰማች። አንዲት ትንሽ ሹራብ አጥፋ አስቀመጠች፣ ሌላ አነሳች። የምታስበው ስለ አከራይዋ እንደሆነ ተኳሿ ታውቃለች፤ በኮሪደሩ ኮቴ በተሰማ ቁጥር የእህቷ እጅ ይቆማል። አይዞሽ ልትላት ፈለገች፤ በምን አይዞሽ? ስለዚህ እሷም ከልብሶቹ አንዱን አንስታ ማጠፍ ያዘች። ሁለቱም ተመሳሳይ እጥፋት ነው የሚያጥፉት፣ ከእናታቸው የተማሩትን።

አስተርጓሚው ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ተስፋ የመሰለ ነገር ነበር። «አነጋገርኩት» አለ። «በቶሎ የሚላክ ሸሚዝ አለበት፤ አንገትጌ እንደ አንቺ የሚተኩስ እንደሌለ ያውቃል። ሰኞ ትመለስ ብሏል። ፍተሻውንም ለሌላ ሰው ይሰጣል። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ሠራተኛው ፊት ቆመሽ ነገሩ የቋንቋ አለመግባባት ነበር፣ እምቢ አላልኩም እንድትይ። ሌላው እንዳይለምድ ነው።»

«እምቢ አላልኩም።»

«አዎ።»

«ይኼኛው በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

 ተኳሿ ያጠፈችውን ልብስ ከሌሎቹ ላይ አስቀመጠች። «አንተንስ አልጠየቀህም? ትናንት ለምን በሌላ ቃል ተረጎምክ ብሎ?»

«ጠየቀኝ» አለ ኮቱን እየነካካ።

«ምን አልከው?»

«እ... እሷ ናት ያኔ እንዲያ ያለችው፣ ዛሬ ቃሏን ለወጠች አልኩት።» ቶሎ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ምን ልበል? ሁለታችንም ብንባረር ይሻላል? እስቲ አንቺ ንገሪያት፤ አንቺን ትሰማለች። ስለ ኪራዩ ንገሪያት።»

እህቷ የሕፃኑን ልብስ ጭኗ ላይ ዘረጋች። ተኳሿ ሌላ ማንም ቢለምናት ፍንክች አትልም ነበር፣ እህቷ ብትለምናት ግን ምን እንደምታደርግ አታውቅም። ታናሽየዋ ሆዷን ደግፋ ከአልጋው ተነሳች፤ ባሏ ፊት ሄዳ ቆመች።

«እህቴ እምቢ ነው ያለችው» አለች። «የካድከው አንተ ነህ። ነገ ጠዋት ግባና እሱን አስተርጉምለት።»